ነጭ ጽጌረዳና የአጥራችን ቀጋ
(በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር፤ ለንባብ በጽሑፍ የቀረበ)

በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ፣ በውጫሌና በመላው አምባሰል ፊደል ቆጥራችሁ ንባብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ዛሬ የምንማረው ታሪክ ነው። የንጉሥ ታሪክ ግን አይደለም፤ የጦርነትም አይደለም። የአበባ ታሪክ ነው።

“አበባ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?” የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳራባው፣ ማን ስሙን በመጽሐፍ እንደጻፈው የሚነገር ነገር ሁሉ ታሪክ ነው።

ንግግሩ ታትሞ በእጃችሁ ይገኛል። ስለዚህ እያዳመጣችሁ በጣታችሁ ተከተሉ። የከበዳችሁን ቃል ከሥሩ አስምሩበት። የአንዳንዱን ፍቺ መጨረሻው ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዛሬ የፈረንጆች ዓመት ደጋግሜ እጠራለሁ። የፈረንጆች ዓመት ከእኛ ይበልጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ በ7 ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ በ8 ይበልጣል። ዓመቱን ስትሰሙ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ለሒሳብ ትምህርታችሁም ይጠቅማችኋል።

1. ሁለት ነጭ አበባዎች

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዳንድ ግቢ ስትገቡ ከበሩ አጠገብ ጽጌረዳ ተተክሎ ታያላችሁ። ቀይ አለ፣ ሮዝ አለ፣ ብጫ አለ። ነጭም አለ። ነጩን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። አገዳው ረጅም ነው። እምቡጡ ጫፉ የሾለ ነው። ሲፈካ ቅጠሉ በቅጠል ላይ ተደራርቦ ይታያል። ሰዉ “የከተማ አበባ” ይለዋል፤ “የፈረንጅ አበባ” የሚለውም አለ። ባለቤቱ ይኮተኩተዋል፣ ያጠጣዋል፣ ከፍየል ይጠብቀዋል።

አሁን ከከተማው ወጥታችሁ ወደ አምባሰል ተራሮች ሽቅብ ውጡ። በእርሻው ድንበር፣ በገደሉ ጠርዝ፣ በአሮጌው አጥር ላይ እሾሃም ቁጥቋጦ አለ። እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ ነው፤ ነጠላ ከያዘ አይለቅም። ይኸም ነጭ አበባ ያብባል። አበባው ግን ተደራራቢ አይደለም። አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ አለው፤ መሐሉ ብጫ ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ ንብ አይለየውም። አበባው ሲረግፍ ፍሬ ይይዛል። ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማና ወደ ቀይ ይለወጣል። ከብት ያገደ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ምን እንደሆነ አወቃችሁት አይደል? ቀጋ ነው።

ይህን ቀጋ ማንም አይኮተኩተውም። ማንም አያጠጣውም። “እሾህ ነው” ብለን በገጀራ እንመታዋለን።

ታዲያ የዛሬው ትምህርት ምን መሰላችሁ? የበሩ ነጭ ጽጌረዳና የገደሉ ቀጋ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የአንድ ወገን ዕፀዋት ናቸው። አንዱን በወጭት እናስቀምጣለን፤ ሌላውን እናቃጥላለን። “በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” ይል የለ ያገራችን ሰው? የቀጋ ነገር እንዲሁ ነው።

2. ቀጋ የአገሩ ልጅ ነው

በዓለም ላይ ከ100 የሚበልጡ የዱር ጽጌረዳ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚበቅሉት በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ባለው የዓለም ክፍል ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ጽጌረዳ የለም። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካም በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ አንድ ብቻ ነው። እሱም ቀጋ ነው። ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቀጋ በኢትዮጵያና በኤርትራ ይገኛል። በሶማሊያና በሱዳን ተራሮችም አለ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮች ላይም ይበቅላል። የሚወደው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር ነው። ይህም የእኛ ወይና ደጋና ደጋ ነው። የሐይቅ አካባቢ ከፍታ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ቀጋ እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ ባለ አገር ነው።

ጥቅሙንም ታውቁታላችሁ። አጥር ይሆናል፤ ከብትም ጅብም አይደፍረውም። ለንብ ቀሰም ይሰጣል። ፍሬው ይበላል። ፍሬውን ስትበሉ ግን የውስጡን ጸጉራም ዘር አራግፉ፤ ጸጉሩ ጉሮሮን ያሳክካል።

የቀጋን ዘመዶች ፍሬ ትልልቅ መንግሥታትም ፈልገውት ያውቃሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941 እና ከዚያም በኋላ፣ ብርቱካን በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር እንደ ልብ መግባት አልቻለም። ብርቱካን ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲ ለሕፃናት ያስፈልጋል። መንግሥቱ ምን አደረገ? ሕዝቡ ከየአጥሩ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እንዲለቅም ጠየቀ። ተማሪዎችና ሴቶች በብዛት ለቀሙ። ከፍሬውም ሽሮፕ ተሠርቶ ለሕፃናት ታደለ። የገጠር አጥር ለከተማው ልጅ ደረሰለት ማለት ነው።

3. ጽጌ በመጽሐፍና በጸሎት

“ጽጌ” የግእዝ ቃል ነው። አበባ ማለት ነው። ክረምቱ አልፎ ሜዳው ሲያብብ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን “ዘመነ ጽጌ” ይባላል። በእነዚህ ሳምንታት ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌን ይቆማሉ። በዐረብኛ ደግሞ ጽጌረዳ “ወርድ” ይባላል። ከአበባው የሚወጣው ሽቱ ውሃ በብዙ የሙስሊም አገሮች ለእንግዳና ለበዓል ይረጫል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ደጅ የሚጠራራበት የወሎ ሰው ይህን ሁለቱንም መስማቱ ደግ ነው።

በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚተከል አንድ ሌላ ጽጌረዳም አለ። አበባው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ እንደ ቀጋ አምስት ቅጠል አለው። በ1840ዎቹ መጨረሻ አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። ይህንን በትግራይ ቤተ ክርስቲያኖች ግቢ የተገኘ ጽጌረዳ “ሮዛ ሳንክታ” አለው። “ቅዱስ ጽጌረዳ” ማለቱ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1888 ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለ እንግሊዛዊ በግብፅ አገር ሐዋራ በሚባል ቦታ አሮጌ መቃብሮችን ሲቆፍር የደረቀ የጽጌረዳ ጉንጉን አገኘ። ጉንጉኑ ከ1,500 ዓመት በላይ በመቃብር ውስጥ ቆይቷል። ክሬፔን የተባለው የቤልጅግ ሊቅ መረመረና ከዚሁ ከእኛ የቤተ ክርስቲያን ጽጌረዳ ጋር አመሳሰለው። በትግራይ ደብር ግቢ የቆመ አበባ ለግብፅ ታሪክ ምስክር ሆኖ ተጠራ ማለት ነው።

4. የቀጋን ስም ማን ጻፈው?

ጽሕፈት በሐይቅ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የተጻፈ የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያ ዘመን ግን ማንበብና መጻፍ የጥቂት ሰዎች ነበር። አርሶ አደሩና ባለቤቱ ስለ አገሩ ቅጠልና ሥር ብዙ ያውቃሉ፤ የሚያውቁትን ግን በቃል እንጂ በጽሑፍ አላስቀመጡትም።

ስለዚህ የቀጋን ስም ለዓለም ሊቃውንት የጻፈው ሌላ ሰው ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በ1809 እና በ1810 ወደ ትግራይ መጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የትግራይ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ሶልት ሲመለስ በወረቀት መካከል ያደረቃቸውን የአገራችንን ዕፀዋት ይዞ ሄደ። ሮበርት ብራውን የተባለ የዕፀዋት ሊቅ ለንደን ላይ አያቸው። ከዚያም ጆን ሊንድሊ የተባለ ወጣት ሊቅ በ1820 ስለ ጽጌረዳ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ “ሮዛ አቢሲኒካ” ብሎ አስገባው። “የአበሻ ጽጌረዳ” ማለት ነው። ያን ጊዜ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ ገና ሕፃን ነበሩ።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አበባ የደረቀው አበባ ነው። አጥር የሚያጥረው ሰው፣ ፍሬውን የሚለቅመው ልጅ፣ ማሩን የሚቆርጠው ንብ አናቢ በመጽሐፉ ውስጥ የሉም። ጽሑፍ የጻፈውን ሰው ዕውቀት ይይዛል፤ ያልጻፈውን ሰው ዕውቀት አይዝም። የውጫሌ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1881 ዓመተ ምሕረት ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። በዚያ የተነሣ የመጣውን ታውቃላችሁ፤ ነገሩ አድዋ ድረስ ሄደ።

5. የበሩ ጽጌረዳ እንዴት ተፈጠረ?

አሁን ወደ ከተማው ነጭ ጽጌረዳ እንመለስ። ይህ አበባ በዱር አልተገኘም። ሰው ነው ያዳቀለው።

ማዳቀል ምንድን ነው? በቅሎን አስቡ። በቅሎ የአህያና የፈረስ ልጅ ናት። ከአባቷ ጥንካሬ፣ ከእናቷ ቁመት ትወስዳለች። በአበባም እንዲሁ ይደረጋል። የአንዱን አበባ ዱቄት ወስደው በሌላው አበባ ውስጥ ያኖራሉ። ከዚያ በሚገኘው ዘር የሚበቅለው አዲስ ተክል የሁለቱን ጠባይ ይቀላቅላል። ይህ “ድቅል” ይባላል።

የአውሮፓ የጥንት ጽጌረዳዎች ብዙዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብባሉ። የቻይና ሰዎች ግን ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ የሚያብብ ጽጌረዳ በግቢያቸው ነበራቸው። ይህ የቻይና ጽጌረዳ በመርከብ አውሮፓ ገባ። ከእነዚህ መካከል ሽታው የሻይ ቅጠል ይመስላል የተባለው “የሻይ ጽጌረዳ” ተባለ። የመጀመሪያው እንግሊዝ አገር የደረሰው ሶልት ወደ እኛ አገር በመጣበት ዘመን ገደማ ነው። የሻይ ጽጌረዳ ያምራል፤ ግን የአውሮፓን ብርድ አይችልም።

ስለዚህ ብርድ ከሚችሉት ጽጌረዳዎች ጋር አዳቀሉት። በ1867 ጊዮ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ሊዮን በተባለ ከተማ “ላ ፍራንስ” የተባለውን ሮዝ ቀለም ያለው ጽጌረዳ አወጣ። ይህ የመጀመሪያው “ድቅል የሻይ ጽጌረዳ” ይባላል። መቅደላ ከመውደቋ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። የድቅሉ ምልክት ምንድን ነው? በአንድ ረጅም አገዳ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ፣ ጫፉ የሾለ እምቡጥ መያዙና ደጋግሞ ማበቡ ነው።

ነጩስ? በ1891፣ የውጫሌ ውል በተፈረመ በሁለት ዓመቱ፣ ፔተር ላምበርት የተባለ ጀርመናዊ ወደ ቅቤ ቀለም የሚያደላ ነጭ ድቅል አወጣ። በንግሥታቸው ስም “ካይዘሪን አውጉስተ ቪክቶሪያ” አለው። በ1947 ማለረን የተባለ ፈረንሳዊ “ቪርጎ” የተባለውን ነጭ አወጣ። በ1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመበት ዓመት፣ ሉዊ ሌንስ የተባለ የቤልጅግ ሰው “ፓስካሊ” የተባለውን ነጭ ጽጌረዳ ለገበያ አቀረበ። ይህ ዝናብን ከሌሎቹ ነጮች በተሻለ ይችላል ተብሎ ስለተመሰገነ በብዙ አገር ተተከለ።

እንግዲህ ቆጥሩት። በአንዱ ነጭ አበባ ውስጥ የቻይና ደም አለ፣ የአውሮፓ ደም አለ፣ የብዙ ሰው ድካም አለ። ከሥሩ ግን ሁሉም የዱር እሾህ ነበር። “በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች” ይባላል። የከተማው ጽጌረዳም ቢጠየቅ የዱር ዘመዱን ሳይጠራ ያልፍ ይሆናል።

6. የአበባው እግር

እዚህ ላይ ለተካዩ ሰው የሚጠቅም ነገር አለ። የድቅል ጽጌረዳ ፍሬ ቢዘራ እናቱን የሚመስል ተክል አይወጣም። ስለዚህ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ቁራጭ መትከል ነው። ሁለተኛው ክተባ ነው።

ክተባ እንዲህ ነው። ጠንካራ ሥር ያለው የዱር ጽጌረዳ ይተከላል። ግንዱ እርሳስ ሲያህል፣ ከመሬት ጠጋ ብሎ ልጡ በስለታም ቢላዋ እንደ መስቀል ጫፍ ይሰነጠቃል። ከድቅሉ ጽጌረዳ አንድ ዓይን ከነልጡ ተልጦ በስንጣቂው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ዓይኑ ሳይሸፈን ዙሪያው ይታሰራል። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ ይዟል ማለት ነው። ውሎ አድሮ የዱሩ ጫፍ ይቆረጣል፤ ድቅሉ በዱሩ እግር ላይ ያድጋል። ከመዋዕለ ተክል የተገዛ ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የቆመ ነው።

አንዳንድ ሰው “ጽጌረዳዬ ወደ ዱርነት ተለወጠብኝ” ይላል። አልተለወጠም። ከተከተበበት ቦታ በታች፣ ከእግሩ፣ የዱሩ ቀንበጥ ወጥቶ ነው። የዱሩ ቀንበጥ ጉልበተኛ ስለሆነ ድቅሉን ያስርበዋል። አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ከመነሻው ገንጥሉት። ከላይ ብቻ ብትቆርጡት በእጥፍ ይወጣል።

7. ነጭ ጽጌረዳ በሐይቅ አገር እንዴት ይተከላል?

ቁራጭ። አብቦ ከጨረሰ ቀንበጥ ላይ እርሳስ የሚያህል፣ ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ውሰዱ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉ። ሁለት ሦስተኛውን በለሰለሰ አፈር ቅበሩት። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲገባ ብትተክሉት ጥሩ ነው። ጥላ አድርጉለት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። ከጎረቤት ስትወስዱ አምስት ስድስት ቁራጭ ያዙ፤ ሁሉም አይጸድቅምና።

ቦታ። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አይወድም። በሐይቁ ዳር ያለው ረግረግ መሬት አይሆነውም። ጥልቀቱም ስፋቱም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። በሁለት ተክል መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ውሃ። በበጋ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በደንብ ከእግሩ ሥር አጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት አይጠቅመውም። ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ቅጠሉን አታርሱት፤ በርጥብ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። እንዲህ የታመመውን ቅጠል ለቅማችሁ አቃጥሉ።

ነጭ አበባ አንድ ችግር አለው። ጉድፍ አይሸሽግም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲመታው ጫፉ ይጠቁራል፤ እምቡጡም ሳይፈካ ይበሰብሳል። መላው መግረዝ ነው። ከተገረዘበት ቀን ጀምሮ እስከ አዲሱ አበባ ድረስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ብትገርዙት አዲሱ አበባ የሚወጣው ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረም አጋማሽና በመጨረሻው ይሆናል። የሞተውን፣ የተጠላለፈውንና የቀጨጨውን ቀንበጥ አንሡ። ከዓይኑ በላይ ጥቂት ትታችሁ አግድም ቁረጡ።

ተባይ። ክሽክሽ በለጋው ቀንበጥ ላይ ሲሰፍር ጥቂት ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ እርጩበት። ዓይነ ስውር ያደርጋል የሚባል መርዝ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ባታስገቡ ይመረጣል።

ለአንድ ቤት ምን ያህል ይበቃል? አንድ ወይም ሁለት እግር። ጽጌረዳ ጎመን አይደለም፤ ለድስት አይሆንም። በውሃ ችግር ጊዜ ቅድሚያው ለሰውና ለከብት ነው። ነገር ግን ጠዋት ከቤት ስትወጡ የሚቀበላችሁ ንጹሕ አበባ መኖሩም ለሰው ልጅ ይገባዋል። ድሀ ነኝ ብሎ ውበትን የሚተው የለም፤ የወሎ እናት ሰፌዷን እንኳ ሳታሳምር አትሰፋም።

8. ዛሬና ነገ

ዛሬ ጽጌረዳ የግቢ ጌጥ ብቻ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ አካባቢ ትልልቅ የአበባ እርሻዎች ተቋቁመዋል። ባቱ ቀድሞ ዝዋይ የምንላት ናት። አበባው በእምቡጡ ተቆርጦ፣ በቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዳል። አበባ ወደ ውጭ በመላክ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ተቀጥረው ይሠሩበታል።

ልብ በሉ። በእነዚህ እርሻዎች የሚበቅሉት ዝርያዎች ባለቤት አላቸው። ያዳቀለው ድርጅት የዝርያውን ስምና ጠባይ ጽፎ ያስመዘግባል። እርሻው ለሚተክለው ችግኝ ለዚያ ድርጅት ይከፍላል። አፈሩ የእኛ ነው፣ ውሃው የእኛ ነው፣ ጉልበቱ የእኛ ነው። ዝርያው ግን የጻፈውና ያስመዘገበው ሰው ነው። የመጻፍን ዋጋ እዚህ ላይ በገንዘብ ተቆጥሮ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ጊዜ ቀጋ የት ነው? ድንበር ሲታረስ ይመነጠራል። አጥር በቆርቆሮ ሲተካ ይነቀላል። ማገዶ ሲጠፋ ይቆረጣል። ቀጋ ሲጠፋ አንድ ቁጥቋጦ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። የእረኛው ልጅ ፍሬ ይጠፋል፤ የንቡ ቀሰም ይጠፋል፤ አፈር የሚይዘው ሥር ይነቀላል። “ቀጋ እንዲህ ይደረግ ነበር” የሚሉ ሽማግሌም ሲያልፉ ዕውቀታቸው አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ከድንበራችሁ ቀጋ ስትመነጥሩ ሁሉንም አትጨርሱት። በአጥሩ ጥግና በቦረቦሩ ጠርዝ ላይ ያለውን ተዉት። ሁለተኛ፣ ክተባ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ በአንድ የቀጋ እግር ላይ የነጭ ጽጌረዳ ዓይን አስገብታችሁ እዩ። ይያዝ አይያዝ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ቀኑንም በደብተር መዝግቡ። ሦስተኛውና ዋናው፣ በሰፈራችሁ ያሉትን እማማና አባባ ጠይቁ። ቀጋ መቼ ያብባል? ፍሬው በየትኛው ወር ይበስላል? አጥሩ እንዴት ይታጠራል? የሚሉትን በራሳችሁ እጅ ጻፉ። አምስት መስመር ይበቃል። ከ200 ዓመት በፊት በለንደን የተጻፈው ስለ ደረቀው ቀጋ ነው። ስለ ለምለሙ ቀጋ መጻፍ የእናንተ ፋንታ ነው፤ የምታውቁት እናንተ ናችሁና። አሁን ደግሞ መጻፉንም ችላችኋል።

የቃላት ፍቺ

ድቅል፦ ከሁለት ዓይነት ወላጆች የተገኘ
ቀንበጥ፦ አዲስ የወጣ ለጋ ቅርንጫፍ
እምቡጥ፦ ገና ያልፈካ አበባ
ክተባ፦ የአንዱን ተክል ዓይን በሌላው ግንድ ላይ ማያያዝ
ቀሰም፦ ንብ ከአበባ የምትወስደው
ክሽክሽ፦ በለጋ ቅጠል ላይ ተሰብስቦ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ
መግረዝ፦ ቅርንጫፍን በሥርዓት መቁረጥ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቀጋና ነጭ ጽጌረዳ በምን ይመሳሰላሉ? በምን ይለያያሉ?
2. “ላ ፍራንስ” የወጣበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር አስሉ።
3. ከጽጌረዳው እግር የዱር ቀንበጥ ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ?
4. ነጭ አበባ በመስከረም እንዲደርስ መቼ ይገረዛል? ለምን?
5. በሰፈራችሁ ቀጋ የት የት አለ? ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው በዝቷል ወይስ አንሷል? ተወያዩና ጻፉ።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ አበቃ። ያልገባችሁን የሰፈራችሁን አስተማሪ ጠይቁ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።